ከብራና እስከ ፊልም፤ የታሪክን አደራ ስለ መጠበቅ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ብራናንና ቀለምን አስበው ነበር። ይሁን እንጂ ካለፈው አንድ መቶ ዓመት ወዲህ ከቃልም ከጽሑፍም የተለየ ሌላ የታሪክ ምስክር ተገኝቷል። እርሱም የሰውን አካሄድ፣ የፈረሱን ግልቢያ፣ የሰንደቅ ዓላማውን መውለብለብ እንዳለ ይዞ የሚያስቀረው ፊልም ነው። መጽሐፍ እንግዳው መጣ ብሎ ይነግረናል፤ ፊልም ግን ሲመጣ ያሳየናል። እንዲህ ያለውን ምስክር እንዴት አድርገን ጠብቀነዋል? ወደ ፊትስ እንዴት ልንጠብቀው ይገባል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ከታሪክ ጋር እያገናዘቡ ለአንባቢ ማቅረብ ነው።

ነገሩን ከምንሠራበት ሰፈር ከልደታ እንጀምር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይሁን እንጂ የቦሌው ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓመታት ተሠርቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ የአዲስ አበባ የአየር በር ይኸው ልደታ እንደ ነበረ የዛሬው ወጣት ብዙም አያስታውሰውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ ባሉት ዓመታት እንግዳ የሚወርደው፣ ተማሪም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሄድ በእናቱ እንባ የሚሸኘው በልደታ ሜዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው በስፍራቸው ፎቆች ቆመዋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማው ቀላል ባቡር በሰፈሩ ያልፋል። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጁን እጅ ይዞ «እዚህ ላይ ነበር» ቢለው፣ ልጁ የሚያየው ሲሚንቶና መስተዋት ብቻ ነው። ያንን ልደታ እንደ ነበረ አድርጎ መልሶ ሊያሳየን የሚችል አንድ ነገር ቢኖር፣ በዚያን ጊዜ የተነሣ ፊልም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ሰፈር በሚገኝ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ውስጥ ተመድበን ሠርተን ነበር። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ አንድ ግምጃ ቤት ስናስከፍት ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ የጽሕፈት መኪናዎች ሥር ክብ ክብ የሆኑ የዛጉ ቆርቆሮዎች ተደራርበው አገኘን። ክፍሉ ዐይን የሚያስለቅስ ሽታ ነበረው። ዕድሜያቸው የገፋው የግምጃ ቤቱ ጠባቂ «ልጆቼ፣ ይህ ቤት ክረምት በገባ ቁጥር አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ከየት እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አልደረስንበትም» አሉን። ከቆርቆሮዎቹ በአንደኛው ክዳን ላይ «አቀባበል» የሚል ቃል በቀለም ተጽፎ ይነበባል። የማን አቀባበል እንደሆነና በየትኛው ዓመት እንደተደረገ የሚያመለክተውን የቀረውን ጽሑፍ ግን ዝገት በልቶታል። እኛም በቆጠራው ቅጽ ላይ «ልዩ ልዩ ቆርቆሮ፣ አገልግሎት የማይሰጥ» ብለን መዘገብን፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ ፈረምን። የዚህን ፊርማ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ፊልም ለኢትዮጵያ ታሪክ ምን እንዳስቀረ ማየት ይጠቅማል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሥርዓተ ንግሥ ሲፈጸም የውጭ አገር ፊልም አንሺዎች በአዲስ አበባ ተገኝተው ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. የስዊሱ አውሮፕላን ነጂ ዋልተር ሚተልሆልዘር ወደ አዲስ አበባ በርሮ መጥቶ የጉዞውን ፊልም አዘጋጅቷል። የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ቭላዲሚር ዬሹሪንና ቦሪስ ጸይትሊን የተባሉ የሶቪየት ፊልም አንሺዎች በኢትዮጵያ በኩል ሆነው ጦርነቱን አንሥተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ አቤቱታቸውን ሲያሰሙም ፊልም አንሺዎች ይከታተሉ ነበር። ያ ድምፅና ያ ሁኔታ ዛሬ የሚታየውና የሚሰማው በዚያን ቀን ስለተቀረጸ ነው።

እነዚህ ፊልሞች በየትኛው አገር እንደሚገኙ ስንጠይቅ ግን ነገሩ ያሳስበናል። አብዛኛዎቹ የሚገኙት በሮም፣ በለንደን፣ በሞስኮና በስዊስ ነው። በተለይ በ1924 እ.ኤ.አ. በሮም የተቋቋመው የሉቼ ተቋም በወረራው ጊዜ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የፊልም ክፍሉን ልኮ እጅግ ብዙ አንሥቷል። የዚህ ተቋም የዜና ፊልሞችና ፎቶግራፎች በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። የእኛን ምድርና የእኛን ሰዎች የያዘ ፊልም በሌላው አገር ቤት በክብር ተጠብቆ መኖሩ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ፊልሙን ያነሣው ወራሪው ነውና የሚያሳየው መንገድ ሲሠራና ሰልፍ ሲደረግ ነው፤ በመርዝ ጋዝ ስላለቀው ሕዝብ አንድም ነገር አይናገርም። ስለዚህ የአገሩን ፊልም ራሱ አንሥቶ ራሱ ያልጠበቀ ሕዝብ፣ የገዛ ታሪኩን በባላጋራው ዐይን ለማየት ይገደዳል ማለት ነው።

በአገራችንም ቢሆን ፊልም ሳይነሣ አልቀረም። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ የቪዲዮ ክር ከመስፋፋቱ በፊት ዜና የሚነሣው በ16 ሚሊሜትር ፊልም ነበር። በዚያው ዓመት በኢላላ ኢብሳ ተደርሶ በላምብሮስ ጆካሪስ የተዘጋጀው «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ታየ። ከዚያም የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ተከተለ። ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. ግድም አንሥቶ በ1968 ዓ.ም. ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ በዓለም ዘንድ የታወቀ ሥራ ሆነ። ይህ ፊልም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ታድሶ እንደገና ለመታየት የበቃው በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ በሚገኘው የፊልም ቤት ባለሙያዎች እጅ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሥራው የእኛ ነው፤ ጠጋኙ ግን ሌላ ነው።

የፊልም ኀይል ምን ያህል እንደሆነ ለማስረዳት ከአንድ ሌሊት የበለጠ ምሳሌ የለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውን ረሀብ አንሥቶ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ማታ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስና የግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ስለዚያ ዘመን የሚሰጠው ፍርድ የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ እኛም እዚህ ልንፈርድ አልተነሣንም። ነገር ግን ለመታሰቢያ ብቻ የተነሣ የድግስ ፊልም፣ ጊዜው ሲደርስ የምስክርነት ቃል ሊሰጥ እንደሚችል ከዚያ ሌሊት እንማራለን። ፊልም ሲነሣ ለምን እንደሚጠቅም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህም የማይጠቅም ነው ብሎ የሚጥል ሰው በማያውቀው ነገር ላይ ይፈርዳል።

አሁን ስለ ፊልም ጠባይ ጥቂት እንናገር። ፊልም ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ጥንካሬ የሚሰጠው መሠረቱ ነው፤ ሁለተኛው በመሠረቱ ላይ የተቀባውና ሥዕሉን የያዘው ቀጭን ሽፋን ነው። ሽፋኑ የሚሠራው ጄላቲን ከሚባል ነገር ሲሆን፣ ጄላቲን የሚገኘው ከከብት ቆዳና አጥንት ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሥዕሉን የሚያወጣው በውስጡ የተበተነው የብር ደቃቅ ነው። እንግዲህ ከፍየልና ከበግ ቆዳ የሚሠራው ብራናችንና ይህ የፋብሪካ ሥራ የሆነው ፊልም ሁለቱም በቆዳ የሚዛመዱ ናቸው። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ የሲኒማ ቤት ፊልም ቢዘረጋ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በእያንዳንዱ ሴኮንድም 24 ሥዕሎች ያልፋሉ።

የቀድሞዎቹ ፊልሞች መሠረት ሴሉሎስ ናይትሬት ነበር። ይህ ነገር ሥዕሉን አሳምሮ የሚያሳይ ቢሆንም ከፈንጂ ጋር የተዛመደ ነው። አንዴ ከተቀጣጠለ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ራሱ ስለሚያወጣ በውኃ ውስጥ እንኳ መንደዱን አያቆምም። በዚህ ምክንያት በ1951 እ.ኤ.አ. የኮዳክ ፋብሪካ መሥራቱን ተወው። በ1982 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ከተማ የብሔራዊው ፊልም ቤት ተቃጥሎ በሺህ የሚቆጠር ፊልም የጠፋበት አደጋ የሚረሳ አይደለም። በአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት እንደሚያመለክተውም፣ ድምፅ አልባ በነበረው ዘመን በዚያ አገር ከተሠሩት 11 ሺህ ከሚጠጉ ረጃጅም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ በወጡበት መልክ የተገኙት ከመቶ 14 ብቻ ናቸው። ባለጠጋው አገር ይህን ያህል ካጣ፣ ሌላው ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባው መገመት አያስቸግርም።

ከናይትሬት በኋላ የመጣው መሠረት ሴሉሎስ አሴቴት ይባላል። በቀላሉ እሳት ስለማይዘው «የደኅንነት ፊልም» ተብሎ ተወደሰ፤ አገራችን በቴሌቪዥንና በየመሥሪያ ቤቱ የተጠቀመችበት ፊልምም በአብዛኛው ይህን ዐይነት ነው። ነገር ግን እርሱም የራሱ በሽታ አለው። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው መሠረቱ እየፈረሰ የኮምጣጤ አሲድ ያወጣል። የወጣው አሲድ ደግሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል፤ በአንድ ክፍል ያሉትን ሌሎች ጤነኛ ፊልሞችም ይበክላል። ከዚያ ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፣ ነጭ ብናኝ ያወጣል፤ በመጨረሻም ሽፋኑ ከመሠረቱ ይላቀቃል። የዘርፉ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ አዲስ የአሴቴት ፊልም 21 ዲግሪ ሙቀትና ከመቶ 50 እርጥበት ባለበት ክፍል ቢቀመጥ እስከ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ መኮምጠጥ ይጀምራል። ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር ግን ዕድሜው በብዙ እጥፍ ይረዝማል።

አንባቢ እንደሚገምተው፣ ያ የግምጃ ቤት ሽታ ምን እንደነበረ የተረዳነው ይህን ባነበብን ጊዜ ነው። አቼቶ የሸተተው ከተሰበረ ጠርሙስ አልነበረም፤ ፊልሙ ራሱ ነበር። ሽታው ፊልሙ እንደታመመ የሚያስታውቅ ምልክት እንጂ እንደሞተ የሚያስረዳ አልነበረም፤ የኮመጠጠ ፊልም ከመጠን በላይ ካልተኮማተረ በባለሙያ እጅ ሊገለበጥ ይችላልና። በጥድፊያ ተመልሰን ሄደን ብንጠይቅ፣ ቆርቆሮዎቹ በእኛው ቃለ ጉባኤ መሠረት ከአሮጌ ብረት ጋር በጨረታ ተሽጠው ነበር። ሥርዓቱ አልተጣሰም፤ ሁሉም በደንቡ ተፈጽሟል። የጎደለው ነገር ቢኖር ከፈራሚዎቹ መካከል ያን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። ከፈራሚዎቹ አንዱ እኛ ስለሆንን ጥፋቱን በሌላ ላይ ልናላክክ አንችልም። ይህንንም ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ይኸው ጸጸት ነው።

ዓለም ከእንዲህ ያለው ጥፋት የተማረው ቀስ በቀስ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የአሜሪካ ፊልም ጠባቂዎች ተሰብስበው ዓለም አቀፍ የፊልም መዛግብት ማኅበር መሠረቱ። ዩኔስኮ በበኩሉ ጥቅምት 27 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. በቤልግሬድ ባደረገው ጉባኤ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች እንደ ማንኛውም የሕዝብ ቅርስ እንዲጠበቁ የሚመክር ውሳኔ አሳለፈ፤ ያ ቀንም በየዓመቱ የድምፅና የምስል ቅርስ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን የመጠበቅን ጥበብ ከሌላ መበደር አያስፈልገንም። በትግራይ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው የብራና ወንጌል፣ በሳይንስ ምርመራ እንደታወቀው፣ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተጻፈ ነው። ብራናው ይህን ያህል ዘመን የቆየው በብረት ሣጥን ወይም በመብራት በሚሠራ ማቀዝቀዣ አይደለም። ቤት ስለነበረው፣ ኀላፊነቱ በስሙ የተሰጠው ጠባቂ ስለነበረው፣ ሌላውም ብራና ሲያረጅ ቁም ጸሐፊው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ስለሚገለብጠው ነው። ቤት፣ ጠባቂና ግልባጭ፣ የአባቶቻችን የአጠባበቅ ዘዴ በእነዚህ ሦስት ቃላት ይጠቃለላል። የፊልም ሊቃውንትም ዛሬ የሚያስተምሩት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከዚህም በላይ ብራናና ፊልም አንዱ ለአንዱ ውለታ ያለባቸው ናቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካው ከሚኒሶታ የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር በየገዳሙና በየደብሩ ያሉትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ተጀመረ። ሥራው በአስቸጋሪው ዘመን ሁሉ ቀጥሎ ከዘጠኝ ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ እነርሱንም መርምሮ ለዓለም ሊቃውንት በማስታወቅ ረገድ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ድካም ከፍ ያለ ነው። በዚህ መንገድ ፊልም ብራናን አዳነ። አሁን ብራናን ያዳነውን ፊልም የምናድነው እኛ ነን።

ይህን ለማድረግ መሠረት አልጠፋም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ሕዝቡም «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 179 የአገሪቱ ቤተ መዛግብትም ጭምር እንዲሆን ተደርጓል። በእርሱ ዘንድ ከተጠበቁት መጻሕፍትና ሰነዶች መካከል 12 የሚሆኑት በ1997 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። የአየራችንም ጠባይ በከፊል ይረዳናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አማካይ ሙቀቷ ወደ 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ከቆላማ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ለፊልም የሚስማማ ነው። ጠላታችን የክረምቱ እርጥበትና በበጋ ቀን እንደ ምጣድ የሚግለው የቆርቆሮ ጣራ ነው። ሁለቱንም መከላከል ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሊያስቡባቸው የሚገቡ አራት ነገሮችን እናመለክታለን። አንደኛ፣ ማንኛውም ክብ የፊልም ቆርቆሮ በሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ከመግባቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው፤ በክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍም ሳይጠፋ ይገልበጥ። ሁለተኛ፣ የሚኮመጥጠው ከጤነኛው ይለይ፤ የዛገው ቆርቆሮ በንጹሕና አየር በሚያሳልፍ መያዣ ይለወጥ፤ ፊልሙም ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከጣራና ከውኃ ቧንቧ ርቆ፣ ጋደም ብሎ ይቀመጥ። የናይትሬት ፊልም እንደሆነ የሚያጠራጥር ካለ ከመኖሪያና ከሥራ ቤት ተለይቶ ለባለሙያ ይነገር እንጂ እጅ አይነካካው። ሦስተኛ፣ የኮመጠጠ ፊልም አይጠብቅምና ቅድሚያ ተሰጥቶት ወደ ዲጂታል ይገልበጥ። ዲጂታሉ ግልባጭም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ መሣሪያው ያረጃል፣ የሚያነበውም መኪና ይለወጣል። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ እንደገና መገልበጥ ያስፈልገዋል፤ የቁም ጸሐፊው ሥራ በሌላ መልክ ቀጠለ ማለት ነው። ከተገለበጠም በኋላ ዋናው ፊልም በሕይወት እስካለ ድረስ አይጣል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን የሰው ነገር ነው። ፊልሙ ቢድንም በውስጡ ያሉትን ሰዎች በስም የሚጠራ ካልተገኘ ግማሽ ታሪክ ይሆናል። በ1950ዎቹ በልደታ ሜዳ አበባ ይዞ የተሰለፈ የስምንት ዓመት ተማሪ ዛሬ የሰባ ወይም የሰማንያ ዓመት አዛውንት ነው። አብሮት የተሰለፈውን፣ መምህሩን፣ የመጣውን እንግዳ የሚያውቅ እርሱ ነው። ፊልሙ እየኮመጠጠ ሳለ እርሱም እያረጀ ነው፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ካለፉ በኋላ የትኛውም ገንዘብ አያገናኛቸውም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ልከው የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ቢያደርጉ ለዚህ ሥራ ትልቅ እርዳታ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። የናይትሬቱ እሳት ለሁሉም ይታያል፤ የአሴቴቱ ግን ነበልባል የሌለው ቃጠሎ በመሆኑ ከሽታው በስተቀር የሚያስጠነቅቅ የለም። በዚያ ግምጃ ቤት ሽታው አስጠንቅቆን ነበር፤ እኛ ግን አልተረዳነውም። «አቀባበል» የሚለው ቃል የማን እንደነበረ ከእንግዲህ ለማወቅ አንችልም። ምናልባት የአንድ ታላቅ እንግዳ፣ ምናልባትም ከሩቅ አገር ተምሮ የተመለሰ የአንድ ድኻ ልጅ አቀባበል ይሆናል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነገ በቆጠራው ቅጽ ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ብዕሩን አንሥቶ ጥቂት ቢቆይና ቆርቆሮውን ከፍቶ ቢያሸት፣ የእኛ ስሕተት በከንቱ አልቀረም እንላለን።